ዘፈኑ እስኪያልቅ

በግራ እጇ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እንደያዘች፣ በቀኟ የሬዲዮኑን ሶኬት ነቀለችው። ስፌት ቤቱ ውስጥ የመኪኖቹ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ዛሬም?» አለች አጠገቧ የምትቀመጠው ቁልፍ ተካይ። «አምናም በዚችው ቀን ነቀልሽው፣ ካቻምናም። ዓመቱን ሙሉ አብረሽን ስትሰሚ ትከርሚና ይቺ ቀን ስትመጣ ምን ይነካሻል?»

«ጆሮዬን አሞኛል።»

«ቀጠሮ ይዞ የሚያም ጆሮ ዛሬ ገና ሰማሁ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ስፌት ቤቱ ውስጥ «መቀስ» ነው የሚሏት፤ ከአፏ የወጣ ነገር ቆርጦ ነውና የሚጥለው። ስሙን አልጠላችውም። መቀስ ቢያንስ ሥራ አለው።

ፕሮግራሙ «ዕለትና ዜማ» ይባላል። አቅራቢው በየቀኑ ያቺን ዕለት ይይዝና በዘፈን ዓለም የሆነባትን ሁሉ ይደረድራል። በዛሬዋ ዕለት እንትን የተባለው ባንድ ተበተነ፣ በዛሬዋ ዕለት እንትና የተባለችው ድምፃዊት ተወለደች፣ በዛሬዋ ዕለት ያ ሸክላ ገበያ ላይ ዋለ። የሞተውንም የተወለደውንም በአንድ ድምፅ፣ ፈገግ እያለ ነው የሚያነበው። በዚች ቀን ደግሞ ሁልጊዜ መደምደሚያው አንድ ነው፤ ሐር ጉሮሮ የሚሉት ዘፋኝ «መጣሁ በሏት»ን የቀረጸባት ቀን።

የማያውቀው ሰው የለም። ሠርግ ላይ ይጨፈርበታል፣ አውቶቡስ ውስጥ ይከፈታል፣ ሰክሮ የሚገባ ባል ደረጃው ላይ ያንጎራጉረዋል። ሐር ጉሮሮ ገና አፉን ሳይከፍት አንዲት የሴት ድምፅ ሳትጠበቅ ቀድማ ትገባና «መጣሁ በሏት» ትላለች። ሰው ሁሉ የሚወደው እሷን ቦታ ነው። እዚያ ላይ ሲደርስ ወሬኛው ዝም ይላል፣ ሾፌሩ ድምፁን ይጨምራል።

ያቺ ድምፅ የመቀስ ናት። ስፌት ቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። ያቺ የዘፈን ቀን የእናቷ የሞት ቀን መሆኗንም የሚያውቅ የለም።

«ዛሬስ እንኳን ጆሮሽ፣ አንቺው ራስሽ ብትሞቺ አልዘጋውም» አለች ቁልፍ ተካይዋና ሶኬቱን መልሳ ሰካችው። «ሐር ጉሮሮ ራሱ ከምሳ በኋላ በቀጥታ ይገባል ተብሏል። ሽማግሌው! እስቲ ደግሞ ድምፁ ተርፎ እንደሆነ እንስማው።»

ሬዲዮኑ ተንኮሻኮሸና ተመለሰ። አቅራቢው ለመንደርደሪያ ብሎ ሽማግሌውን በስልክ አገናኝቶታል።

«ያቺን ቀን ሳስባት» ይላል ሐር ጉሮሮ፣ «ደስታ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከጠዋት ጀምረን ስንሠራ ስንውል አንድም ክፉ ነገር ደጃችንን አላንኳኳም። ያቺ የሴት ድምፅ እንደዚያ ቀድማ ትግባ ያልኩትም እኔ ነኝ። በሕልሜ ነው የመጣችልኝ።»

የመቀስ መኪና ቆመ። ኮሌታውን አየችው፤ ገልብጣ ሰፍታዋለች።

«ደጃችንን አላንኳኳም?» አለች፣ ለኮሌታው። «ዓይኑን በጨው ታጥቦ!»

ያን ጊዜ ዘፈን እንዳሁኑ እየተቆራረጠ አይቀረጽም። ጊታሩም ከበሮውም ዘፋኙም ተቀባይዋም አንድ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ነው። አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። በሩ ላይ ቀይ መብራት ከበራ የሚገባም የሚወጣም የለም። ከመስታወቱ ወዲያ ድምፅ ቀራጩ ይቀመጣል፤ እጁን ብድግ ካደረገ ግቢ ማለቱ ነው። ተቀባይ የሆነች ልጅ ዓይኗን ከዚያች እጅ ላይ መንቀል የለባትም። እሷም አልነቀለችም።

ያን ዕለት ጠዋት ጎረቤታቸው ለአዳራሹ ደወለች። እናቷን ሆስፒታል ወስደናታል፣ ልጄን ልጄን እያለች ነው፣ ቶሎ ላኩልን አለች። ስልኩን ያነሳው ዘበኛው ነበር። ቀዩ መብራት ገና ሳይበራ ዘበኛው በሩን አንኳኩቶ ለሐር ጉሮሮ በጆሮው ነገረው። ሐር ጉሮሮ ወደ ልጅቷ ዞር ብሎ አየና «ዘፈኑ እስኪያልቅ ይቆይ» አለው።

ዘፈኑ ደግሞ እንቢ አለ። አንዴ ከበሮው ቀደመ፣ አንዴ የጊታር ክር ተበጠሰ፣ አንዴ መብራት ጠፋ። ከምሳ በኋላ ዘበኛውን አላስችል አለው። ቀስ ብሎ ቀራጩ ክፍል ገባና ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ እጁን አወጣላት። ነይ፣ ውጪ፣ ሊላት ነው። መስታወቱ ላይ መብራት ያንጸባርቃል፤ የሰው ፊት አይለይም፣ እጅ ብቻ ነው የሚታየው። እጁን አየችና ገባች። ከቦታዋ ቀድማ፣ ከሐር ጉሮሮም ቀድማ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ «መጣሁ በሏት» አለች።

ሐር ጉሮሮ ደነገጠ። ከዚያ ፈገግ አለና ተከተላት። ዘፈኑ አለቀ። «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» እያለ አቅፎ አሽከረከራት። መልሰው መላልሰው ሰሙት፣ ተጨበጨበ፣ ሻይ መጣ። ሐር ጉሮሮ አሁንም ስለ እናቷ ምንም አልነገራትም።

የነገራት ዘበኛው ነው፣ ስትወጣ።

«ልጄ፣ አሁንም እዚሁ ነሽ? ከጠዋት ነው እኮ የነገርኳቸው። በመስታወቱ እጄን ሳወጣልሽስ አላየሽኝም?»

ሆስፒታል ስትደርስ አልጋው ተነጥፏል። አንሶላው አዲስ ነው፣ የእጥፋቱ መስመር እንኳ አልጠፋም። ታላቅ ወንድሟ ጫፉ ላይ ተቀምጦ የእናታቸውን ነጠላ ጫማ ታቅፏል።

«ስትጠራሽ ዋለች» አለ። «የት ነበርሽ?»

«ስዘፍን።»

ከዚያ ወዲህ ወንድሟ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ዘፋኟ» ነው የሚላት። ዘፋኟ ውኃ ስጪኝ፣ ዘፋኟ በሩን ዝጊው። እሷም ከዚያ ወዲህ ዘፍና አታውቅም፤ ልብስ ስታጥብ እንኳ አታንጎራጉርም።

ለምን አልነገረችውም? ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ግን ሐር ጉሮሮ ቀብር መጣ። ሬሳ ተሸከመ፣ አለቀሰ፣ አስለቀሰ። ኀዘኑ ሳይወጣ ወንድሟን ሾፌሩ አድርጎ ቀጠረው። ዘመድ አዝማድ ቆሞ መረቀው። ታዲያ ምን ትበል? ብትነግረው ወንድሟ ወይ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ ወይ አያምናትም። ሁለቱንም ፈራች። ይበልጥ የፈራችው አለመታመኑን ነበር። ነገሩን በሆዷ ቀበረችው፤ በሆድ የተቀበረ ነገር ግን አይበሰብስም፣ ይሻግታል እንጂ።

አምና የወንድሟ ዓይን ደከመ። ሐር ጉሮሮ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለውና «በል ደህና ሁን» አለው። ይኸው ነው። አሁን እሷ ቤት፣ የኋላዋ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ ይውላል። ዛሬ ጠዋት ስትወጣ እንዲህ ተባብለው ነው የተለያዩት።

«ዘፋኟ፣ ዛሬ ሬዲዮኔን እንዳትነኪብኝ። ጋሼ ይናገራል።»

«ያባረረህ ጋሼ?»

«ያባረረኝ ዓይኔ ነው። እሱ ምን አደረገ? እናታችንን እሱ ነው የቀበራት። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

ጫማዋን አሰረችና ወጣች።

የሬዲዮ ጣቢያው አዘጋጅ፣ አንዲት ቀልጣፋ ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት ከጊታር መቺው ጠይቃ ቤቷ ድረስ መጥታ ነበር። «ያቺ ድምፅ እርስዎ ነዎት አሉ፤ ለመታሰቢያው ቢመጡልን?» ብትላት መቀስ በር ላይ እንደቆመች «ያቺ ልጅ ሞታለች በያቸው» ብላ መለሰቻት። ልጅቷ ግን ስልክ ቁጥሯን የበሩ ፍሬም ላይ ለጥፋ ሄዳለች። መቀስም አልቀደደችውም።

አሁን ሽርጧን ፈታች። አለቃው ከጠረጴዛው ቀና አለ።

«ወዴት ነው? ትዕዛዙ ነገ ይወጣል እኮ።»

«ሆስፒታል።»

«ማን ታሞ?»

«እናቴ።»

«እናትሽ ሞታለች አላልሽም?»

«ታዲያ ለዚህ አይደል የዘገየሁት» አለችና ወጣች። ቁልፍ ተካይዋ መርፌዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች በዓይኗ ሸኘቻት።

የሄደችው ግን ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ሐር ጉሮሮ ከዘራውን ጉልበቱ መሐል ሰክቶ፣ ሙቅ ውኃ በብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል። አንገቱ ቀጥኗል። ፀጉሩን ግን አጥቁሮታል። አዘጋጇ ልጅ መቀስን ስታይ ልትበር ደረሰች፤ «ይጠብቁኝ፣ ይጠብቁኝ፣ ለአቅራቢው ልንገረው!» ብላ ሮጠች።

«መጣሽ?» አለ ሐር ጉሮሮ። «አርጅተሻል።»

«እርስዎስ ቢሆን ቀለሙ ነው እንጂ ምን ቀረዎት?»

ሳቀ። ከዚያ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዘበኛው ነግሮሽ እንደነበረ አውቃለሁ።»

እጇ ቦርሳዋን ጨበጠ። «ያውቁ ኖሯል።»

«ያኔውኑ ነው የነገረኝ። ዝም አልሽ፤ ጨዋ ልጅ ነሽ ብዬ ወደድኩሽ። ወንድምሽንም ለዚያ ነው የያዝኩት።»

«ለዚያ?»

«ለምን መስሎሽ ነበር? መንዳት እንኳ አያውቅም እኮ! ሁለቴ አጥር ገጭቶብኛል።» በብርጭቆው ላይ አጎንብሶ ፉት አለ። «በይ ተይው፣ የሞተ አይመለስም። ዛሬ ትንሽ እንስቃለን፣ ያችን ነገርሽን ትያታለሽ፣ እንለያያለን።»

ቀኑን ሁሉ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ልትጠይቀው የፈለገችውን ጠየቀችው።

«ጠዋት ቢነግሩኝ ምን ይቀርብዎት ነበር?»

ሽማግሌው አልተቆጣም። እንደ ሰው አሰበበት።

«ዘፈኑ» አለ። «ሄደሽ ቢሆን ዘፈኑ አይኖርም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? ዛሬም ቢሆን እንደዚያው ነው የማደርገው። እናትሽ ያው መሞቷ አልቀረም። ዘፈኑ ግን ይኸው አለ።»

ይቅርታ ቢላት ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ይቅርታ እንዳይላት ስትፈራ እንደኖረች አሁን ገባት። ያንን ፍርሃት ከላይዋ አነሳላት።

«ደግ» አለች። «ግልጽ አደረጉልኝ።»

ስቱዲዮው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል። አቅራቢው በድምፁ እንጂ በመልኩ የማታውቀው፣ ጆሮው ትልልቅ የሆነ ሰው ነው። ማዳመጫ ጭንቅላቷ ላይ አደረገላትና «እትዬ፣ እንዳይጨነቁ፤ ዘና ይበሉ» አላት።

«የተጨነቀ ሰው ይታይሃል?»

ቀዩ መብራት በራ። አቅራቢው ዝርዝሩን ጀመረ። በዛሬዋ ዕለት ይህ ሆነ፣ በዛሬዋ ዕለት ያ ሆነ። ባሕር ማዶ አንዱ አገባ፣ አንዱ ጊታሩን ሰበረ። ከዚያ ወደ ሐር ጉሮሮ ዞረ፤ ሐር ጉሮሮም ሕልሙን እንደገና አለመ። በሕልሙ ነጭ የለበሰች ሴት በመስኮት ሆና ስትጠራው፣ ደንግጦ ሲነቃ፣ ጠዋት አዳራሽ ገብቶ ለተቀባይዋ «ከእኔ ቅደሚ» ሲላት። ያምርበታል። መቀስ ራሷ ባታውቀው ኖሮ ታምነው ነበር።

«እና ይኸው ያቺ ተቀባይ!» አለ አቅራቢው። «ከዚያን ጊዜ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምተን አናውቅም። እትዬ፣ ብዙ አናስወራዎትም፤ ያችን ቦታ አሁን፣ እዚሁ፣ በቀጥታ ይሉልናል። እጄን ሳነሳ ይግቡ።»

ሙዚቃው ያለ ዘፋኝ ተለቀቀ። የጊታሩ አገባብ፣ ከበሮው፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ሰውነቷ ከእሷ ሳይጠይቅ ትንፋሽ ሰበሰበ። ከጠረጴዛው ማዶ አቅራቢው እጁን ብድግ አደረገ።

እጁን አየችው። አልገባችም።

ሙዚቃው በቦታዋ ላይ ባዶውን አለፈ። አቅራቢው እጁን እንደገና አነሳ፣ ዓይኑን አፈጠጠ። ሐር ጉሮሮ ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ «ግቢ እንጂ!» አላት።

እሷ ማይኩን ወደ አፏ ሳበችው።

«አንተ ልጅ» አለች፣ «ስትደረድር አንዲት የረሳሃት አለች። ልጨምርልህ። በዛሬዋ ዕለት አንዲት ልብስ አጣቢ ሆስፒታል ተኝታ ልጇን ስትጠራ ውላ ሞተች። ልጅቷ አዳራሽ ውስጥ ትዘፍን ነበር። ነይ ተብሎ የተላከው መልእክት ከጠዋት ደርሷል። እኚህ ጋሼ ናቸው ‹ዘፈኑ እስኪያልቅ ይቆይ› ያሉት። በኋላ ዘበኛው አላስችለው ብሎ በመስታወቱ እጁን አወጣልኝ። ግቢ ያለኝ መስሎኝ ገባሁ። ውጪ ነበር ያለኝ። ሕልም የሚባል ነገር የለም። አሁን ዝርዝርህ ሞላ።»

አቅራቢው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ጣቱ የሆነ ቁልፍ ላይ ወደቀና ዋናው ዘፈን፣ ያኔ የተቀረጸው፣ ከነድምፁ ተለቀቀ።

ቀዩ መብራት ጠፋ። ሐር ጉሮሮ በቀስታ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ውኃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ለወንድምሽ እንኳ አታዝኚም?» አላት። «እየሰማ ነው።»

«እሱ እንዲሰማው አይደል የመጣሁት?» ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «እርስዎ ግን አይዘኑ። ዘፈኑ ይኸው አለልዎት።»

አዘጋጇ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ እያለቀሰች ነበር። መቀስ አልፋት ስትሄድ «ተይ እናቴ፣ የዓይንሽን ኩል ታበላሺዋለሽ» አለቻትና ደረጃውን ወረደች።

በዋናው በር ያለው ጥበቃ በጠባቡ ክፍሉ መስኮት ላይ ትንሽ ሬዲዮ አስቀምጧል። ዘፈኑ ገና አላለቀም። ጥበቃው ሲያያት ተነሥቶ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አወጣችው። ወንድሟ ነው። ደውሎላት አያውቅም፤ የሚፈልገው ነገር ካለ ከክፍሉ ሆኖ «ዘፋኟ!» ብሎ ይጣራል እንጂ። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ወዲያው እንደገና ጀመረ።

አሁን ብታነሳው ምን እንደሚላት ልትገምት ሞከረች። ምናልባት ይሰድባት ይሆናል። ምናልባት ያለቅስ ይሆናል። ምናልባት፣ ማን ያውቃል፣ በስሟ ይጠራት ይሆናል። አውራ ጣቷ ስልኩ ላይ ሄዳ ቆመች።

ከሬዲዮኑ ውስጥ ጊታሩ ዝቅ አለ። ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያቺ ድምፅ አንዴ ተመልሳ ትመጣለች። መቀስ ይህን ታውቃለች እንጂ ከዚያን ዕለት ወዲህ ሰምታው አታውቅም። ሶኬት ሳትነቅል፣ ከአውቶቡስ ሳትወርድ፣ ከሠርግ ተነሥታ ሳትወጣ ቀርታ እዚያ ድረስ ቆይታ አታውቅም።

«ስልክዎ ይጮኻል እኮ፣ እናቴ» አለ ጥበቃው።

«ሰምቼዋለሁ።»

«አጥብቆ የሚፈልግዎት ሰው ይመስላል።»

«ወንድሜ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቄዋለሁ። እሱም ዘፈኑ እስኪያልቅ ይቆይ።»

በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ስልኩን እየጮኸ ጭኗ ላይ ደፋችውና የሬዲዮኑን ድምፅ እንዲጨምርላት ጥበቃውን ጠየቀችው።